ዓለምን ሁለተኛ ጊዜ ስለ መዞራችን

ያላዩት አገር አይናፍቅም ይላል የአገራችን ሰው ሲተርት። ታዲያ አንድ ጊዜ አይተው የተመለሱትን አገር ዳግመኛ ለማየት መነሣት ምን ይባላል? ናፍቆት ነውን? ወይስ ስስት? እኛ ባልና ሚስት በመርከብ ተሳፍረን ዓለምን አንድ ጊዜ ከዞርን በኋላ፥ ያንኑ ጉዞ ለመድገም መነሣታችንን የሰሙ ወዳጆቻችን ይህን ጥያቄ አቅርበውልናል። ያን ጊዜ የምንመልሰው ቃል አልነበረንም። አሁን ግን ከሁለተኛው ጉዞ ተመልሰን፥ በትውልድ ከተማችን በቡኢ ተቀምጠን ነገሩን ስናስበው መልሱ ጥቂት በጥቂት ስለ ተገለጠልን፥ ምናልባት ለቤተ ሰብ አባቶችና እናቶች ይጠቅም እንደ ሆነ ብለን ልንጽፈው ወደድን።

አስቀድመን ስለ ራሳችን ጥቂት ቃል እንናገር። ቡኢ የሶዶ ወረዳ ዋና ከተማ ናት። ከአዲስ አበባ ተነሥቶ በዓለም ገና፥ በመልካ ቁንጥሬና የሰይፍ ምስል በተቀረጸባቸው ትክል ድንጋዮቿ በታወቀችው በጢያ በኩል አልፎ ወደ ቡታጅራና ወደ ሆሳዕና የሚወርደው መንገድ በመካከሏ ያልፋል። አንባቢ ይህን መንገድ በልቡ ይያዝልን፤ ወደ ኋላ እንመለስበታለንና። እኛም በ1972 ዓ.ም. በዚሁ መንገድ ከቤታችን ወጥተን፥ በሱዳን በኩል ተሰድደን እንግሊዝ አገር ገባን። በዚያም ከሁለታችን አንዱ በከተማ አውቶቡስ ነጂነት፥ ሌላዪቱ በሐኪም ቤት አስታማሚነት ከሠላሳ ዓመት በላይ ሠርተን ጡረታ ወጣን። ጡረታ በወጣን ጊዜ ልጆቻችን ተማክረው፥ ዓለምን በምትዞር መርከብ የምንሳፈርበትን ዋጋ ስጦታ አድርገው ሰጡን።

እንዲህ ያለው ጉዞ የቅርብ ዘመን ነገር ነው። በ1519 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ከስፔን የተነሡት የማጌላን አምስት መርከቦች ዓለምን ዞረው ለመመለስ ሦስት ዓመት ያህል ፈጅተዋል፤ የተመለሰችውም አንዲቱ ብቻ ስትሆን፥ በእርስዋ የነበሩት 18 ሰዎች ናቸው። ስለ ሽርሽር ብቻ የሚሄዱ መንገደኞችን ይዛ በፓናማ ቦይ በኩል ዓለምን የዞረችው ላኮኒያ የምትባል የእንግሊዝ መርከብ በኅዳር ወር 1915 ዓ.ም. ከኒው ዮርክ ተነሥታ 130 ቀን ያህል ቈይታ ተመለሰች። ዛሬም በየዓመቱ ከገና በኋላ ብዙ መርከቦች ይህንኑ ጉዞ ይሄዳሉ፤ መቶ ቀን ያህልም ይፈጅባቸዋል።

እኛም ጥር 1 ቀን 2010 ዓ.ም. ሳውዝሃምፕተን ከተባለው የእንግሊዝ ወደብ ተነሥተን ወደ ምዕራብ ሄድን። አትላንቲክን ተሻግረን ፓናማ ደረስን። በዚያ መርከቢቱ ደጅ ወዳለው ትልቅ የውሃ ሣጥን ገባች፤ ደጁም ከተዘጋ በኋላ ውሃ ሲሞላበት ከነሸክሟ ከፍ ከፍ አለች። እንዲህ እያለች ሦስት ጊዜ እንደ ደረጃ ወጥታ፥ ከባሕር በላይ 26 ሜትር ከፍ ብሎ በሚገኘው ሐይቅ ላይ ስትንሳፈፍ ባየን ጊዜ እጅግ ተደነቅን። እኛም ሰገነት ላይ ቆመን ደጆቹን ቈጠርን፤ ፎቶግራፍም አነሣን።

በታላቁ ውቅያኖስ ደግሞ ሌላ ነገር ገጠመን። ወደ ምዕራብ የሚሄድ መርከብ ቀን የሚለወጥበትን መሥመር ሲያልፍ አንድ ቀን ይጐድልበታል። እኛ የካቲት 4 ቀን ማታ ተኝተን ጠዋት ብንነሣ የካቲት 6 ሆኖ አገኘነው። የጠፋችውም ቀን የአቦ ቀን ነበረች። ለምድረ ከብድ አቦ ጐረቤት ሆኖ ላደገ ሰው ይህ ቀላል ነገር አይደለም፤ ከሁለታችን አንዲቱ ቀኑን ሙሉ ስትተክዝ ዋለች። ከዚያ በአውስትራሊያ፥ በሲንጋፖርና በሴሎን ደሴት አድርገን ወደ ዓረብ አገር ተመለስን።

አሁን የምንናገረውን ነገር ለብዙ ጊዜ ለማንም አልነገርንም ነበር። በዱባይ ከተማ በአንድ ታላቅ የገበያ አዳራሽ ስንመላለስ፥ የአሠሪዎቿን ሕፃን በጋሪ የምትገፋ አንዲት ወጣት አማርኛችንን ሰምታ ተከተለችን። «የአገሬ ሰዎች ናችሁን?» ብላ ጠየቀችን። ነን አልናት። «ከአገሬ ሰው ጋራ ፊት ለፊት ከተነጋገርሁ ይኸው አራተኛ ወሬ ነው» አለችን። ወደ መርከብ የሚመልሰን አውቶቡስ ሊነሣ ሩብ ሰዓት ቀርቶት ነበርና «አይዞሽ፥ እግዚአብሔር ይርዳሽ» ብለን አለፍናት። ስሟን እንኳ አልጠየቅናትም። ዘወር ብለን ስናይ ጋሪውን ይዛ ከቆመችበት አልተንቀሳቀሰችም ነበር።

ከዱባይ ተነሥተን የእንባ ደጅ የሚል ትርጓሜ ባለው በባብ ኤል መንደብ በኩል በሌሊት አለፍን። የባሕር ወንበዴ እንዳያጠቃን የሰገነቱ መብራት ጠፋ፤ የየክፍሉም መስኮት በመጋረጃ ይሸፈን ተባለ። የአሰብ ጠረፍ በስተግራችን ሲያልፍ እኛ በመጋረጃ ውስጥ ተቀምጠን ነበር። ኤርትራ በ1985 ዓ.ም. ራሷን የቻለች መንግሥት ከሆነች ወዲህ አገራችን በዚያ ባሕር ላይ ወደብ የላትም። ሆኖም ከባሕሮች ሁሉ ለቤታችን የቀረበውን በጨለማ ማለፋችን አሳዘነን። ከዚያም በስዌዝ ቦይ አልፈን በሚያዝያ ወር ወደ ተነሣንበት ተመለስን።

በሚከተለው መስከረም መስቀልን ከዘመድ ጋራ ለማክበር ወደ ቡኢ መጣን። የጉራጌ ሰው የትም ቢሆን ለመስቀል ወደ ቤቱ መመለሱን አንባቢ ያውቃል። ክትፎውና ቆጮው ቀርቦ፥ ዘመድ ጐረቤቱ ተሰብስቦ ሳለ ያየነውን እንድንናገር ተጠየቅን። እኛም የወደቦቹን ቍጥር፥ የመርከቢቱን ርዝመት፥ የፓናማን ደጆች፥ የጠፋችውንም ቀን ተረክን። ሁሉም ተደነቀ። በመጨረሻ ዕድሜያቸው ከሰማንያ ያለፈ አክስታችን፥ «ይኸ ሁሉ መልካም ነው፤ በማን ቤት ቡና ጠጣችሁ?» ብለው ጠየቁን።

እኛም እርስ በርሳችን ተያየን። በማንም ቤት አልጠጣንም ነበር። ጊዜ አልነበረንም ብንላቸው፥ «እንግዲያስ ዓለምን አልዞራችሁም፤ ውሃውን ነው የዞራችሁት» አሉን። ሰዉ ሁሉ ሳቀ፤ እኛም ሳቅን። ሌሊት ግን ሁለታችንም እንቅልፍ አጣን። ምንም እንኳ አንዳችን ለሌላው ባንናገር፥ ሁለታችንም ያቺን ባለ ጋሪ ልጅ እናስብ እንደ ነበር በኋላ ተነጋግረን ዐወቅን።

ከዚህ በኋላ የታወቀው ወረርሽኝ መጣ። በመጋቢት 2012 ዓ.ም. ዓለምን ይዞሩ የነበሩ የሽርሽር መርከቦች ወደብ ሁሉ እየተዘጋባቸው ጉዟቸውን አቋረጡ፤ መንገደኞቻቸውም በአውሮፕላን ወደየቤታቸው ተላኩ። በዚያው በመጋቢት ወር በሞዛምቢክ ውስጥ ቴቴ በተባለው አውራጃ በአንድ ካሚዮን የዕቃ ሣጥን ውስጥ ወደ ደቡብ አፍሪካ ይሄዱ የነበሩ 64 ኢትዮጵያውያን ታፍነው ሞተው ተገኙ። ሁለቱን ወሬ በአንድ ሳምንት ሰማን። ስለ መርከቦቹ ብዙ ተጻፈ፤ ስለ ካሚዮኑ ግን ጥቂት ብቻ ተጽፎ ቀረ። አክስታችንም በ2013 ዓ.ም. ዐረፉ። ለጥያቄያቸው መልስ ብናገኝ እንኳ የምንነግራቸው አልሆነም።

ይህ ሁሉ ካለፈ በኋላ ነው እንግዲህ ከሁለታችን አንዲቱ፥ ዳግመኛ እንሂድ የሚል አሳብ ያመጣችው። ሌላው ግን አልወደደም። በመጀመሪያ ጊዜ የከፈሉት ልጆቻችን ነበሩ፤ አሁን የሚከፈለው ግን ለእርጅና ካስቀመጥነው ነው። የዋጋውን ልክ ለመጻፍ እናፍራለን፤ መስኮት የሌለውን፥ ከሁሉ የረከሰውን ክፍል ብንመርጥም እንኳ በዚያ ገንዘብ በቡኢ ብዙ መልካም ሥራ ይሠራበት ነበር። «ያየነውን ለማየት ይህን ያህል ማውጣት ኃጢአት ነው» ሲል፥ «አላየንም እኮ» ስትል፥ ሁለት ወር ተከራከርን። ይህ ክርክር እስከ ዛሬ ፈጽሞ አልተዘጋም።

በክርክራችን መካከል የብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ ነገር ተነሣ። እርሳቸው በ1903 ዓ.ም. የእንግሊዝ ንጉሥ ጊዮርጊስ 5ኛ ዘውድ በጫኑ ጊዜ ከደጃዝማች ካሣ ጋራ ወደ ሎንዶን ሄደዋል። ያን ጊዜ የምድር ባቡር ከጅቡቲ ተነሥቶ አዲስ አበባ ገና አልደረሰም ነበር። በ1916 ዓ.ም. ደግሞ ከአልጋ ወራሹ ከራስ ተፈሪ ጋራ ሆነው በባቡር እስከ ጅቡቲ ወርደው፥ ባሕር ተሻግረው ያንኑ አውሮፓ ዳግመኛ አዩ። በ1924 ዓ.ም. ደግሞ እስከ ጃፓን ድረስ ሄደው ስለዚያች አገር መጽሐፍ ጻፉ። እኛ ከእነዚያ ታላላቅ ሰዎች ጋራ ራሳችንን አናወዳድርም፤ እነርሱ የተላኩት ለመንግሥት ጉዳይ ነው። ነገር ግን አንድ አገር በአንድ ጊዜ አይታይም የሚለው አሳብ በእኛ የተጀመረ እንዳልሆነ ከዚህ ተረዳን። እሺ የተባባልነውም በዚህ ነው። ምክንያታችን ግን አንድ ነበር፤ ዱባይ ስንደርስ ሙሉ ቀን ወስደን፥ ያችን ልጅ ባናገኛት እንኳ ከእርስዋ ቢጤ ከአንዲቱ ጋራ ተቀምጠን ቡና እንጠጣለን አልን።

በጥር 2016 ዓ.ም. ከዚያው ወደብ ተነሣን። በዚህ ጊዜ ምን እንደ ተለየ ብንጠየቅ፥ በመጀመሪያው ጉዞ ነገርን ስንቈጥር ነበር፥ በሁለተኛው ግን ሰውን ስንጠይቅ ነበር ብለን እንመልሳለን። ክፍላችንን ያጸዳልን የነበረው የፊሊፒንስ ሰው ዘጠኝ ወር ሙሉ በባሕር ላይ እንደሚሠራ፥ ታናሺቱን ልጁንም ከተወለደች ወዲህ ሁለት ጊዜ ብቻ እንዳያት ነገረን። በመጀመሪያው መርከብም እንደ እርሱ ያለ ሰው ሲያገለግለን ነበር፤ ዛሬ ፊቱን ለማስታወስ ብንሞክር አልሆነልንም።

ፓናማም ከመድረሳችን አስቀድሞ ባርቤዶስ በምትባል ደሴት አደርን። በዚያ ያገኘነው አንድ ሽማግሌ የአባቱ አባት ያንን ቦይ ለመቈፈር ሄዶ በዚያው መቅረቱን አጫወተን። በኋላም መርምረን እንዳነበብነው፥ አሜሪካኖች ቦዩን በሠሩበት ዘመን ከባርቤዶስ ብቻ 20,000 ያህል ሠራተኞች ተወስደዋል፤ በአሜሪካኖቹ ሥራ ጊዜ በበሽታና በአደጋ የሞተውም ሰው ከ5,600 በላይ ሆኖ ተመዝግቧል። በ2016 ዓ.ም. እኛ ስናልፍ ዝናብ በመጥፋቱ የሐይቁ ውሃ ጐድሎ ነበርና፥ ሐይቁ ሲሞላ በውሃ የተዋጠው የዱር ዛፍ ጕቶ በየቦታው ብቅ ብቅ ብሎ ይታይ ነበር። በዚህ ጊዜ ደጆቹን አልቈጠርንም፤ የሽማግሌውን አያት ስናስብ አለፍን። በታላቁ ውቅያኖስም ደግሞ አንድ ቀን ጠፋብን፤ ደግነቱ የጠፋው ቀን የአቦ አልነበረም።

ነገር ግን የዱባይ አሳባችን ከሸፈ። ከኅዳር 2016 ዓ.ም. ጀምሮ ሁቲ የተባሉ የየመን ታጣቂዎች በባሕረ ኤርትራ የሚያልፉትን መርከቦች በመምታት ላይ ነበሩ። ስለዚህ ብዙ ኩባንያዎች መንገዳቸውን እንደ ለወጡ፥ የእኛም መርከብ በዱባይና በስዌዝ መሄዱን ትታ በሞሪሸስና በደቡብ አፍሪካ ዞራ እንድትመለስ መቈረጡን የመርከቢቱ አዛዥ በድምፅ ማጉያ አስታወቀ። በሰገነት የነበሩት መንገደኞች ስለ ፒራሚድ ማዘን ጀመሩ። እኛ ግን ወደ ክፍላችን ገብተን ዝም ብለን ተቀመጥን። ያችን ልጅ አንድ ጊዜ በሩብ ሰዓት፥ ሁለተኛ ጊዜ ደግሞ በጦርነት አጣናት።

ከሞሪሸስ ተነሥተን በጥቂት ቀን ደርባን ከሚባለው የደቡብ አፍሪካ ወደብ ደረስን። መንገደኞቹ አውሬ ለማየት በአውቶቡስ ሲሄዱ እኛ በእግራችን ወደ ከተማው ገባን። ዎርዊክ ከሚባለው ታላቅ ገበያ አጠገብ በአንድ ጠባብ መንገድ ስናልፍ የሚቈላ ቡና ሸተተን። ሽታውን ተከትለን ብንሄድ፥ ብርድ ልብስና መጋረጃ ከሚሸጥበት ሱቅ በስተጓዳ ባለች ክፍል አንዲት ሴት ቡና ትቈላ ነበር። ሦስት ወጣቶችም በሣጥን ላይ ተቀምጠው በአማርኛ ይጫወቱ ነበር። ሰላምታ ብንሰጣቸው ሁሉም ብድግ ብለው ተነሡ።

«አባባ፥ ከወዴት መጣችሁ?» አለ አንደኛው። ከቡኢ ነን አልነው። ወጣቱ ጥቂት ዝም ብሎ አየንና፥ «ቡኢ፥ አውቶቡሱ የቆመበት፥ የተጠበሰ በቆሎ የገዛሁበት» አለ።

ይህ ልጅ ከሆሳዕና አጠገብ ካለ ገጠር የመጣ ነው። በ2005 ዓ.ም. ወደ አዲስ አበባ ፓስፖርት ለማውጣት ሲሄድ የተሳፈረባት አውቶቡስ በእኛ ደጅ ላይ ቆማ ነበር። በቆሎውን ይዞ ቆሞ ሳለ እናቱ በቴሌፎን ጠራችው። ወዴት እንደሚሄድ ስትጠይቀው፥ «አዲስ አበባ ለሥራ ነው፤ ለመስቀል እመለሳለሁ» አላት። ከዚያ በሞያሌ ወጥቶ፥ ደላላ ለደላላ እያቀበለው በኬንያ፥ በታንዛኒያ፥ በማላዊና በሞዛምቢክ አድርጎ መጣ። በታንዛኒያ ሰባት ወር ታሰረ። ደርባን ከገባ በኋላ ብርድ ልብስ በትከሻው ተሸክሞ፥ ሎኬሽን በሚሉት የጥቁሮች ሰፈር ከቤት ወደ ቤት በዱቤ ሲሸጥ ኖረ። ሱቅ በከፈተ ጊዜም፥ በሚያዝያ 2007 ዓ.ም. በውጭ አገር ሰዎች ላይ በተነሣው ሁከት ተዘርፎ እንደ ገና ከብርድ ልብስ ጀመረ። የያዘው የጥገኝነት ወረቀት ስለ ሆነ ከአገሩ ከወጣ ተመልሶ ለመግባት አይችልም። ገንዘቡንም ገና ብዙ ሰው ይጠብቀዋል፤ ታናናሽ እኅቶቹን የሚያስተምረው እርሱ ነው።

ለመርከቢቱ መነሻ እስከ ማታ 12 ሰዓት ድረስ ጊዜ ነበረን። በዚያች ክፍል በሣጥን ላይ ተቀምጠን ከአቦል እስከ በረካ ጠጣን። ስለ እኛ ጉዞ በጠየቁን ጊዜ፥ ዓለምን ስንዞር ይህ ሁለተኛችን ነው ለማለት አፈርን፤ ሆኖም መዋሸት ስለማይገባን ነገርናቸው። ልጁም ሳይቀየም ፈገግ ብሎ፥ «እናንተ ሁለት ጊዜ ዞራችሁ ገባችሁ፤ እኔ አንድ ጊዜ ሄጄ ገና አልተመለስሁም» አለ። እኛም ደግሞ በ1972 ዓ.ም. የሱዳንን በረሃ በሌሊት እንዴት እንደ ተሻገርን፥ ወላጆቻችንንም ዳግመኛ ሳናያቸው እንደ ቀረን ነገርናቸው። ከዚያ በኋላ ንግግሩ የእንግዳና የባለ ቤት ሳይሆን የዘመዳሞች ሆነ።

ልንሄድ በተነሣን ጊዜ ልጁ ከሱቁ አበባ ያለበት ቀይ ብርድ ልብስ አውርዶ አቀረበልን። ገንዘብም ለመላክ ቢፈልግ እናደርሳለን ብንለው፥ «ገንዘብ በየወሩ ይደርሳታል፤ ሰው ግን አልደረሳትም። እናንተ ሄዳችሁ አንድ ጊዜ ከፊቷ ተቀመጡልኝ» አለን። ሌላ የጠየቀን ነገር የለም።

ከዚያ ወዲያ ያለውን ባሕር ብዙ አናወራም። ኬፕ ታውንን፥ በላይዋም እንደ ገበታ የተዘረጋውን ተራራ አየን፤ በአፍሪካ ምዕራብ በኩልም ሽቅብ ወጥተን በሚያዝያ ወር ገባን። ብርድ ልብሱ ግን በዚያች መስኮት በሌላት ክፍላችን ከአልጋችን በላይ ተቀምጦ ነበርና፥ ጠዋት ጠዋት እርሱን ሳናይ አልተነሣንም።

በሰኔ ወር ቡኢ ደረስን፤ በሦስተኛውም ቀን በዚያው በደጃችን በሚያልፈው መንገድ፥ በቡታጅራና በወራቤ በኩል ወደ ሆሳዕና ተጓዝን። የልጁን እናት በእንሰት በተከበበ ቤቷ አገኘናት። ቋንቋዋ ሀድይኛ ስለ ሆነ ከእኛ ጋራ በደንብ አልተግባባችም፤ የጐረቤት ተማሪ ተጠርታ መጣችና አስተረጐመችልን። ብርድ ልብሱን ተቀብላ በጕልበቷ ላይ አደረገችው፤ ሳትዘረጋውም በእጇ ስትዳስሰው ቈየች። እኛም ያየነውን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ነገርናት፤ ሱቁን፥ ሣጥኑን፥ ቡናውን፥ አሳሳቁንም። በትዕግሥት ሰማች። ስንጨርስ ለተማሪዪቱ ጥቂት ቃል ተናገረች። ተማሪዪቱም፥ «ደግማችሁ ንገሩኝ ትላለች» አለችን።

በመጀመሪያ ያልገባት ነገር ያለ መስሎን ምኑን እንድገምልሽ አልናት። «ሁሉንም» ብላ መለሰች። «መጀመሪያ ስትናገሩ ልጄ ታሞ ይሆን፥ ታስሮ ይሆን እያልሁ ክፉ ቃል ስጠብቅ ነበር፤ እርሱን አላየሁትም። አሁን ደኅና መሆኑን ዐውቄአለሁና ንገሩኝ፥ ልየው» አለችን። እኛም እንደ ገና ከመጀመሪያው ጀመርን። ዐይኖቿን ጨፍና ሰማችን። በዚህኛው ጊዜ በየመካከሉ ታቋርጠን ነበር፤ ሲስቅ አፉን በእጁ ይሸፍናልን? ከስቷልን? እንጀራ የሚጋግርለት ማን ነው? እያለች ጠየቀችን። አንዳንዱን ለመመለስ ቻልን፤ አንዳንዱን ግን ልብ ብለን አላየነውም ነበር።

አንባቢ ሆይ፥ በመግቢያችን የተነሣው ጥያቄ መልሱን ያገኘው በዚያች ቤት ነው። እኛ ሁለት ጊዜ ዓለምን ዞረን፥ መጻሕፍትም ጠይቀን ልንገልጠው ያልቻልነውን ያች ሴት በጥቂት ቃል ተናገረችው። ሰው በመጀመሪያ ጊዜ ሲሄድ የራሱን ደስታና የራሱን ፍርሀት ተሸክሞ ስለሚሄድ፥ ከፊቱ ያለውን ሰው አያየውም። የሚያየው ያ ሸክም ሲወርድለት፥ በሁለተኛው ጊዜ ነው። ለዚህም ባሕር መሻገር የግድ አይደለም። የገዛ ልጁን፥ የገዛ ሚስቱን፥ የጐረቤቱንም ቤት ሁለተኛ ጊዜ የሚያይ ሰው ጥቂት ነው።

ምክር ለመስጠት ከተፈቀደልን፥ እኛም ሸሽተን የወጣን ስለ ሆንን ወጣቶችን አትሂዱ ለማለት አፍ የለንም። ወላጆችን ግን አንድ ነገር እንለምናለን። ልጃችሁ መሄድን በልቡ ማሰቡን ስታውቁ፥ በቍጣ አፉን አታዘጉት። በቍጣ የተዘጋ አፍ በአውቶቡስ መቆሚያ ላይ ሐሰት ይናገራል፤ ያም ሐሰት ለእናትና ለልጅ የመጨረሻ ስንብት ሆኖ ሊቀር ይችላል። በሬና መሬት ተሸጦ ለደላላ ከመሰጠቱም አስቀድሞ የመንገዱን መከራ ከሚያውቅ ሰው ጠይቁ፤ ከልጁም ጋራ ተቀምጣችሁ ስሙት። ሥልጣንና ገንዘብ ኖሯችሁ ወደ ሩቅ አገር በክብር የምትመላለሱም፥ በምትሄዱበት ሁሉ የአገራችሁን ሰው ድምፅ ስትሰሙ ሩብ ሰዓት ቀረን ብላችሁ አትለፉ። ይህን የምንናገረው አልፈን ስላየነው ነው።

አሁን ወዳጆቻችን፥ ሦስተኛ ትሄዳላችሁን? እያሉ ይጠይቁናል። ለመርከብ የሚከፈል ገንዘብ አልቀረልንም፤ ጕልበታችንም ደክሟል። ነገር ግን ያች እናት ለጠየቀችን፥ ልብ ብለን ላላየነው ነገር፥ ለልጁ በቴሌፎን ደውለን መልሱን አንድ በአንድ ጽፈን ይዘናል። ለመስቀል ዋዜማ ወደ ሆሳዕና እንወርዳለን፤ ከፊቷ ተቀምጠንም ሦስተኛ ጊዜ እንነግራታለን።